ክብረት የተረከልኝ ፊልም

ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለክብረት፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔና ናሆሚ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። "ደህና ነን" ያልኩት ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው እንጂ እኔስ ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። ከተናደድኩም ሰንብቻለሁ። ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስፈለገ ትል ይሆናል። በስልኩማ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ልቆጣህ እደውላለሁ፤ አንተ "ሙሉዬ" ብለህ ትጀምራለህ፤ ስለ ጎረቤትህ አውራ ዶሮ ወይም ስለ ታክሲው ረዳት አንድ ነገር ታወራልኛለህ፤ እስቃለሁ፤ ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ለምን እንደደወልኩ ትዝ ይለኛል። ድምፅህን እየሰማሁ ልጣላህ አልችልም። ጓደኛዬ ምሥራች ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለምትበር ይህን በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። የኖኅ ሽማግሌዎች በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ልጃችንን ናሆሚን ሊጠይቁ ቤታችን ይመጣሉ። ይህን ታውቃለህ፤ በስልክ ነግሬህ "እንዴት ያለ ደስታ ነው" ብለኸኛል። እንደምትመጣ ግን አልነገርከኝም። ከፋሲካ በፊት ስትሄድ ለስድስት ሳምንት ነበር ያልከው፤ የአባትህን ቤት አስጨርሰህ፣ አከራይተህ ልትመለስ። በሐምሌ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ አናጺው ጠፋ አልክ። ለእንቁጣጣሽ ሲሉ መብራት አልገባም አልክ። አሁን ደግሞ ክፍለ ከተማው አስቸገረኝ ትላለህ። አናጺው ተገኝቷል፣ መብራቱም ገብቷል፤ አንተ ግን አልመጣህም። ኖኅ ትዕግሥተኛ ልጅ ነው፤ ኮራል ስፕሪንግስ ያሉት ወላጆቹም ጨዋ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ያሸሸንባቸው ሰዎች ለሦስተኛ ጊዜ ፊታቸውን እንዴት አያለሁ?

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያላስቻለኝ ፊልሙ ነው።

ባለፈው ዓርብ ናሆሚና ኖኅ ሲኒማ ጋበዙኝ። ዳውንታውን የድሮ ፊልም ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ሲኒማ ቤት አለ። ናሆሚ ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ከወሰደች ወዲህ በእሱ ነገር አብዳለች። "ማሚ፣ ብላክ ኤንድ ዋይት ነው፣ ላይክ በጣም ስሎው ነው፣ ግን አይ ፕሮሚስ ትወጂዋለሽ" አለችኝ። ከሺፍት ወጥቼ፣ የሥራ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ሄድኩ። ገና መቅለጥ የጀመረ በረዶ ስለነበረ እግሬ ርሷል፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ትንሽ እንቅልፍ እሰርቃለሁ ብዬ ነበር ሐሳቤ።

ፊልሙ በዝናብ ይጀምራል። ጠባብ መንገድ፣ ከዚያ አንድ ሱቅ፤ መስኮቱ ላይ ከእንጨት የተሠሩ እጆች ጓንት ለብሰው ተደርድረዋል። ክብረት፣ እነዚያን እጆች ሳይ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ያ ፊልም ነው። ያንተ ፊልም።

አንተ ትዝ ይልህ እንደሆነ አላውቅም፤ ስንቱን ፊልም ተርጉመሃል። እኔ ግን የካዛንችሱ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር እንኳ ከነሚስማሩ ትዝ ይለኛል። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥኑ፣ ከጎኑ አንተ ማይክ ይዘህ። የሕንዱንም የቻይናውንም ትተረጉም ነበር፤ የአንዳቸውንም ቋንቋ ሳታውቅ። አለማወቅህን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግድ ያለው አልነበረም። ሰው የሚመጣው ላንተ ነበር። እኔ ደግሞ መዘምር ነበርኩ፤ ቪዲዮ ቤት መግባቴ ቢታወቅ ከመዘምራን ያስወጣኝ ነበር። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ከኋላ እቀመጣለሁ። ከመዘምራኑ አንዷ ድንገት ብታየኝ እሷስ እዚያ ምን ትሠራለች ብዬ እጽናና ነበር።

የፈረንሳዩን ካሴት ኤምባሲ የሚሠራ ሰው ነው ያመጣልህ። አንተ የተረክህልን እንዲህ ነበር። ጓንት ሻጯ ልጅ ድልድይ ከሚሠራ ሰው ጋር ትዋደዳለች። ሰውየው ባሕር ማዶ ድልድይ ሊሠራ ይሄዳል፤ "በጸደይ እመለሳለሁ" ይላል። ይጽፍላታል፤ ከዚያ ደብዳቤው ይቋረጣል። "ድልድዩ ተደርምሶ ቀኝ እጁን ሰበረው፤ መጻፍ አቃተው" አልክ፤ ከፊት የተቀመጡት ሴቶች አለቀሱ። እሷ ትጠብቃለች፣ ጠጉሯ ይሸብታል። መጨረሻ ላይ ሰውየው ሸብቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ከሱቁ ማዶ ዝናብ ውስጥ ቆሟል። ረዥም ጊዜ ይተያያሉ። የሱቁ ባለቤት አሮጊት ከውስጥ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ ልጅቷ አንድ ነገር ትመልስና የሱቁን የብረት መዝጊያ ቁልቁል ትስበዋለች። እዚህ ላይ አንተ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ "እትዬ፣ ባሌ መጥቷል፤ ዛሬ ቶሎ ልዝጋ" አልክላት። "በጓሮ በር ወጥታ ትደርስበታለች፤ እኛ አናይም፤ የእነሱ ነው" አልክ። ሰው አጨበጨበ። ያን ዕለት እስከ ታክሲው ሸኘኸኝ፤ "እኔ ብሆን በጓሮ በር አላስመጣሽም፣ በፊት ለፊት ነው የምወስድሽ" አልከኝ። እውነትም በፊት ለፊት ወሰድከኝ፤ በአባቴ ቤት በር፣ በሽማግሌ፣ በመዝሙር።

አሁን ዓርብ ያየሁትን ልንገርህ። ከሥር በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አነባለሁ። የተደረመሰ ድልድይ የለም። የሰውየው እጅ ደህና ነው ክብረት። አንድ ቦታ ላይ ሞቅ ካለ አገር ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ያሳየዋል፤ በዚያው በቀኝ እጁ ሲጋራ ያጨሳል። ሊጽፍላት ወረቀት ያወጣል፤ ጓደኞቹ ይጠሩታል፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። አንተ በዚያ ቦታ ላይ ምን ብለህ እንደነበር አሰብኩ። "ሐኪሙን እየጠበቀ ነው" ብለህ ነበር መሰለኝ።

መጨረሻው ላይ አሮጊቷ የምትጠይቀው "ውጭ ያለው ማነው?" ብላ ነው። ልጅቷ ትኩር ብላ እያየችው "ማንም የለም" ትላለች። ከዚያ መዝጊያውን ትስበዋለች። መብራት በራ።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ሠራሁ። መጨረሻው ተቆርጧል አልኩ። ናሆሚ "ማሚ፣ ኦኬ ነሽ?" ትለኛለች፤ እኔ ቲኬት የምትቆርጠዋ ሴትዮ ጋ ሄጄ፣ "ይህ ፊልም ሙሉው አይደለም፤ እኔ አገሬ ሙሉውን አይቼዋለሁ" ብዬ ተከራከርኳት። ሴትየዋ ደግ ናት፤ "ኖ ማም፣ ፉል ቨርዥኑ ይህ ነው" አለችኝ። አልሰማኋትም። ሴቲቱ በጓሮ በር ትወጣለች፣ ይገናኛሉ፣ ያን አውጥታችሁታል አልኳት። ኖኅ መሬት መሬቱን ያያል። የምናገረውን ጆሮዬ የሰማው ያኔ ነው፤ የጓሮውን በር በዓይኔ አይቼው እንደማላውቅ የገባኝም ያኔ። አንተ ነህ ያሳየኸኝ።

መኪና ውስጥ ነገሩን ስነግራቸው ናሆሚ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ዌይት፣ አባዬ ፈረንሳይኛ ምንም አይችልም? ምንም?" "ቦንዡር እንኳ አይልም" አልኳት። ቤት ስንገባ ፊልሙን ላፕቶፕ ላይ ፈልጋ አገኘችው፤ የመጨረሻዋን ቦታ አወጣችና ድምፁን አጠፋችው። "አባዬ እንዴት ነበር ያለው? አድርጊልኝ፣ ፕሊዝ" አለችኝ። እምቢ አልኩ። ለመነችኝ። አደረግኩት። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አፌ ያውቀዋል፤ ድምፄን የት ዝቅ እንደማደርግ ሳይቀር። ሰውየው ማዶ ቆሞ፣ እኔ "እትዬ፣ ባሌ መጥቷል፤ ዛሬ ቶሎ ልዝጋ" ስል መዝጊያው ወረደ። ናሆሚ ላፕቶፑን ከደነችና "የአባዬ ይሻላል" አለች።

ተናደድኩባት። ምን በደለችኝ? መሻሉንማ እኔም አልክድም። ግን አየህ፣ ትዳሬን ሁሉ የኖርኩት በዚያ መጨረሻ ነው። አንተ ስትዘገይ እጁ ተሰብሮ ነው እላለሁ። ከአየር ማረፊያው መጋዘን ሥራ ለቀህ፣ ሳትነግረኝ ሁለት ወር ምሳህን ቋጥረህ ስትወጣ መቆየትህን ያወቅኩ ጊዜ፣ ሳይጨንቀኝ ብሎ ነው አልኩ። አናጺው ጠፋ ስትለኝ አናጺውን ረገምኩት። ያን ምስኪን አናጺ እንዴት እንደረገምኩት ብታውቅ። አሁን ግን ያለ አንተ ድምፅ አየሁት። የማየው ካፌ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሬዲዮውንም አውቃለሁ። ምሥራች ናት ሊንኩን የላከችልኝ፤ "ይህ ያንቺ ክብረት አይደለም እንዴ?" ብላ፤ እኔ የማውቅ መስሏት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኤፍ ኤም ትተርካለህ። ሥራ ቦታ፣ የአረጋውያኑ ቤት ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁህ፤ ሺፍቴ እስኪያልፈኝ። ጎበዝ ነህ። ሞተር ሳላስነሳ፣ በብርዱ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሰማሁህ። እዚህ ስትኖር "ያ" እና "ኖ ፕሮብለም" ከማለት ሌላ ድምፅህን የሰማው ሰው አልነበረም። ቸርች እንኳ ማስታወቂያ እንድታነብ ሲሰጡህ ያሳጠርከው አንተ ነህ። ምን ሆኖብህ እንደነበር አሁን ገባኝ። ደስ ብሎኛል ክብረት፤ እውነቴን ነው። ደግሞ ተቃጥያለሁ። ይህን ደስታህን ለእኔ መንገር ምን ያህል ይከብዳል? "ሙሉዬ፣ እዚህ ሰው ሆንኩ፤ መመለሱ ጨነቀኝ" ብትለኝ እጣላህ ነበር፣ አለቅስ ነበር፣ ግን ካንተ ጋር እነጋገር ነበር። አንተ ግን አናጺ ላክህብኝ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ነገር ግን እሑድ የሆነውን ልንገርህ፤ እሱ ነው ብዕር ያስያዘኝ።

ከአምልኮ በኋላ ውብነሽ፣ የኖኅ እናት፣ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። "ጋሽ ክብረት ለቅዳሜው ይደርሳሉ አይደል?" አለችኝ። "ክፍለ ከተማው ጋ አንዲት ፊርማ ብቻ ናት የቀረችው፤ ቲኬቱን ቆርጧል፤ ሐሙስ ይገባል" አልኳት። ሳልንተባተብ። "በፍራንክፈርት በኩል ነው" ብዬም ጨመርኩ። ውብነሽ ጌታን አመሰገነች፤ አብሬያት አመሰገንኩ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ናሆሚ ቀበቶዋን ሳታስር ቁጭ አለች። "ማሚ፣ አባዬ ቲኬት ባይ አድርጓል?" አለችኝ።

"አላደረገም።"

"ሶ ፍራንክፈርት ምንድን ነው?"

"እናቱ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? አፍሬ ነው" አልኳት።

"አይ ኖው። ግን ማሚ፣ አሁን እኮ አንቺ ነሽ አባዬን ዳብ የምታደርጊው" አለች፤ ፊልም ላይ በሌላው አፍ እንደሚናገሩት ማለቷ ነው። በቁጣ አልነበረም ያለችው። ቀበቶዋን አሰረችና በመስኮት ማየት ጀመረች። "እኔም ለኖኅ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ እሱ ያላለውን እልለታለሁ" አለች።

ክብረት፣ ይህች ልጅ ልታገባ ነው። ከእኔ አይታ የምትወስደው ይህንን ሊሆን ነው፤ የማይናገር ሰው ጎን ቆሞ ለእንግዳ መተርጎም። ስምንት ወር ሙሉ ቸርች ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ ፓይንሪጅ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ሳይቀር፣ አንተ ያላልከውን ሁሉ ብዬልሃለሁ። ካንተም አሳምሬ። አንተ አናጺ ብቻ ነበር ያልከው፤ አናጺውን ልጁ ታሞበት ሐረር የሄደ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ማታ ለውብነሽ ደወልኩላት። "ቲኬት አልቆረጠም። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ መምጣቱንም አላውቅም። ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በይኝ" አልኳት። ሽማግሌዎቹን ልታስቀር ነው ብዬ ደነገጥኩ። "እኛ ቅዳሜ እንመጣለን ሙሉሸዋ" አለችኝ። ከዚያ ስለ ጉልበቷ ሕመም ረዥም ጊዜ አወራችኝ፤ ደስ እያለኝ ሰማኋት።

የቸርቻችን ጋሽ ጴጥሮስ በአባት ቦታ ልቀመጥልሽ ብለውኝ ነበር። እንደ ሽምግልናቸው አመስግኜ እምቢ አልኳቸው። "ልጄ፣ ሽማግሌ እናትን ብቻዋን አያነጋግርም፤ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም" አሉኝ። "ቅዳሜ ይምጡና ያዩታል ጋሼ፤ ከእኔ ጎን ይቀመጡ፤ የምናገረው ግን እኔ ነኝ" አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። ለመምጣቱ ግን ይመጣሉ፤ የእኔን ሥጋ ወጥ ያውቁታል።

እንግዲህ ስማኝ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ቆመው "አባቷ የት አሉ?" ሲሉ፣ "አዲስ አበባ ነው፤ ለምን እንዳልመጣ እሱ ይናገር፤ እኔ ስለ እሱ አልናገርም" እላለሁ። እንደ ደንቡ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ እንመክራለን ይባላል። ስለዚህ ከገና በኋላ ላለው ቅዳሜ ቀጠሮ እሰጣቸዋለሁ። ያ ቀጠሮ ያንተም ነው። እስከዚያ ከመጣህ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ልጅህን ትመርቃለህ፤ አንድ ቃል አልናገርህም፤ ሬዲዮውንም ተቀምጠን እንነጋገርበታለን፤ ምናልባት እኔ የማላውቀው መንገድ ይኖራል። ካልመጣህ ለእነሱ እሺ የምለው እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ላንተም የምመልሰውን ያኔ እመልሳለሁ።

መልስህን ጻፍልኝ። ስልክ አትደውል። እመጣለሁ ወይም አልመጣም በል፤ ምክንያቱን አትጻፍ። አንተ ምክንያት ስትናገር ያምራል፤ እኔም አምናለሁ፤ ማመኑ ደክሞኛል።

ከደብዳቤው ጋር ምሥራች ትንሽ ጥቅል ትሰጥሃለች። የግፊት መድኃኒትህ ነው። እዚያ ያለው ያዞረኛል ስላልክ የለመድከውን ነው ያስመጣሁት። ፋርማሲስቱ ከሁለት ወር በላይ አልሰጥም ብሎኝ ነበር፤ "ለገና እመጣለሁ ካለ ይበቃዋል" አለኝ። ሐኪምህ ጋ ተመልሼ ሄጄ ለምኜ የአንድ ዓመት አስደረግኩልህ። ጠዋት ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ፣ እንዳትረሳ።

ጌታ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፤ ድምፅህን ይባርክልህ። ናሆሚ ትስምሃለች።

ሚስትህ፣
ሙሉሸዋ